895ኛዋ ገባች! ታዲያ አሁን ኦቪ ከግሬትስኪ በለጠ ልንል ነው?

የፓርኪንጉ ልጅ | እሁድ፣ መጋቢት 28፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት። ገባች! በአሜሪካና በካናዳው የበረዶ ሆኪ ሊግ (NHL) ለዋሽንግተን ዲሲው ካፒታልስ የሚጫወተው አሌክስ ኦቬችኪን፣ እኛ ኦቪ የምንለው፣ 895ኛ ጎሉን አገባ።

ከቅዳሴ መልስ ሽሮዬን ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ኒው ዮርክ፣ ከአይላንደርስ ጋር። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ 7 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ተጋጣሚው አንድ ሰው ተቀጥቶበት ጎድሏል። ቶም ዊልሰን ከቀኝ ወደ ግራ አሻገረ። ኦቪ የት እንደቆመ መናገር ያስፈልጋል? እዚያችው ቦታው ላይ፣ በግራ ያለችው ክብ ውስጥ። ተቀበለ፣ ለቀቀ፣ መረቡ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ በሆዱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። የ39 ዓመት ሰውዬ፣ ፀጉሩ የሸበተ! እኔ ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ብድግ ብያለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ? ማን ሞተ?» እያለች ሮጣ መጣች።

895። የቀድሞው ባለሪከርድ የዌይን ግሬትስኪ 894 ጎል ከ1999 ጀምሮ ማንም ሳይነካው ቆሞ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ አለዚያ ስንደምር ስንቀንስ ማደራችን ነው።)

ለዚህ ሰውዬ እንደማዳላ ቀድሜ ልናገር። በ2005 ዲሲ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ኦቪ ከሚጫወትበት አዳራሽ ሁለት ብሎክ ያህል ርቆ ያለ ፓርኪንግ ነበር። አዳራሹ ያኔ ኤምሲአይ ሴንተር ነው የሚባለው። ከዚያ ቬራይዘን ሴንተር ሆነ፤ አሁን ካፒታል ዋን አሬና ነው። ስሙን ለምደነው ሳንጨርስ ይቀይሩታል። የሆኪ ማታ ፓርኪንጉ አይሞላም። ቲፕ የሚገኘው የቅርጫት ኳስ ሲኖር ነው። አለቃችን እንዲያውም ሆኪ ባለበት ቀን አንድ ሰው ይቀንስ ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ግን ቀይ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይሰለፍ ጀመር። የቁልፍ ሰሌዳው ሞልቶ ትርፉን በኪሳችን መያዝ ሆነ። እኔ የኦቪን ትልቅነት ያወቅኩት ጎሉን አይቼ ሳይሆን የሰቀልኩትን ቁልፍ ቆጥሬ ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። «አይሰበርም» ሲባል የኖረ ሪከርድ ተሰበረ። አሁን የምንጊዜም ትልቁ ጎል አግቢ እሱ ነው? ወይስ ቁጥሩ ብቻ ነው የበለጠው? በሥርዓት እንከራከር።

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | መጋቢት 28

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ። ሽሮው አልቀዘቀዘም?

እኔ ያለሁት ግሬትስኪ ዋንጫ ተሸክሞ በነሐስ የቆመበት ከተማ ነው። ክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ሲያልፍ አውቶቡስ እየጠበቅኩ አየዋለሁ፤ ብቸኛው የማይንቀጠቀጥ ሰው እሱ ነው። ስለዚህ እኔም እንደማዳላ እወቅልኝ።

ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ 1981–82። በአንድ የውድድር ዘመን 92 ጎል። ይህን ያክል ያገባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ኦቪ የራሱ ምርጥ ዓመት በ2007–08 ያገባው 65 ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ዘመን 50 ጎል በ39 ጨዋታ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ፊላዴልፊያ ሲመጣ 45 ነበረው። ሰው «50 ለመድረስ ሁለት ሦስት ጨዋታ ይፈጅበታል» ሲል በአንድ ማታ አምስት አስገብቶ ጨረሰው።

ሦስተኛው ነው ዋናው። ግሬትስኪ ጎል አግቢ ብቻ አይደለም። ለጎል ያቀበላቸው 1,963 ናቸው። አሁን ወረቀት አምጣና 894ቱን ጎል በሙሉ ሰርዝበት። አንድ ጎል ሳያገባ፣ ባቀበለው ብቻ፣ በጠቅላላ ነጥብ አሁንም የሊጉ አንደኛ ነው። ሁለተኛው ጃግር ጎሉም ማቀበሉም ተደምሮ 1,921 ነው።

ማቀበል ዋና ሥራው የሆነ ሰው በትርፍ ጊዜው ያገባውን ነው የእናንተ ሰውዬ 20 ዓመት ሙሉ ሲያሳድድ የኖረው።

---

መድፈኛው | መጋቢት 29

ይቅርታ፣ እኔ የኳስ ሰው ነኝ። አርሴናል ጎል አጣ ብዬ ስቆጭ እዚህ ስለ 895 ታወራላችሁ። ስንት ጨዋታ ነው በዓመት? ጎሉ ምን ያህል ነው? በረኛ የለም እንዴ?

---

የፓርኪንጉ ልጅ | መጋቢት 29

አለ እንጂ! ከነትጥቁ ጎሉን ሞልቶት ነው የሚቆመው።

ባጭሩ፦ በመደበኛው ውድድር በዓመት 82 ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ። አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ። ጎሉ 1 ሜትር ከ83 በ1 ሜትር ከ22 ነው። የእናንተ ጎል ግን ወርዱ ብቻ ከ7 ሜትር ይበልጣል። ፓክ የምትባለው ወደ 170 ግራም የምትመዝን ጥቁር የጎማ ድስክ ናት። ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሯታል፤ ካልቀዘቀዘች ትነጥራለች። አንዴ ልጄ ከመሰብሰቢያ ሳጥኑ አውጥቶ እግሬ ላይ ጥሏት አይቻታለሁ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ጋር አትስማማም።

ጥፋት ያጠፋ ሰው እንደ እናንተ ቢጫ ቀይ አይመዘዝበትም። ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቡድኑ ጎድሎ ይጫወታል። ያ ነው ፓወር ፕሌይ። ኦቪ እንጀራውን የጋገረው እዚያ ላይ ነው፤ ከ300 በላይ ጎል በፓወር ፕሌይ ብቻ። በዚህ የቀድሞው አንደኛ አንድሬቹክ 274 ነበር።

አስገራሚው ደግሞ ቦታው አለመቀየሩ ነው። የግራዋን ክብ «የኦቪ ቢሮ» ይሏታል። በረኛው ያውቃል፣ ተከላካዩ ያውቃል፣ ፖፕኮርን ሻጩ ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ ይገባል። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ጨዋታ ሳዳምጥ «ግራ ክብ» ሲባል ብቻ ቁልፍ ማውረዱን ትቼ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

---

ቁጥር ቆጣሪ | መጋቢት 29

ኤድመንተን፣ የ92ቷን ነገር ካነሳህ ዘመኑንም አንሳ።

በ1981–82 በአንድ ጨዋታ የሁለቱ ቡድን ጎል ሲደመር በአማካይ 8 ነበር። ኦቪ በተጫወተበት ዘመን ወደ 6 ገደማ ነው፤ ከዚያ የወረደባቸው ዓመታትም ብዙ ናቸው። 8 ጎል በሚቆጠርበት ገበያ 92 ማግባትና 6 በሚቆጠርበት 65 ማግባት የዋጋ ልዩነት አለው።

በሯጮቻችን ላስረዳ። ቀነኒሳ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 ሮጠ። 15 ዓመት ቆየ። በ2020 ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ በ26:11.00 ገባ። ያኔ ሁላችን ምን አልን? «ጫማው ነው!» «በትራኩ ዳር የሚበራው መብራት ነው!» እኔ ራሴ እዚሁ መድረክ ላይ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ፤ ፈልጋችሁ እንዳታወጡብኝ። እዚያ ቴክኖሎጂው የጠቀመው አዲሱን ነው። ሆኪ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ከሁሉ በላይ ያደገው በረኛው ነው። አዲሱ ሰውዬ የተሰጠው ዳገት ነው።

---

በረኛው | መጋቢት 29

ስሜን ጠራችሁ መሰለኝ።

እኔ ሚኒሶታ ሃይስኩል በረኛ ነበርኩ። በክፍሉ ብቸኛው ሐበሻ፣ በቡድኑም ብቸኛው ጥቁር። እናቴ ትጥቄን መኪና ውስጥ ሲያሸታት «ይሄን ነገር ውጭ አሳድረው» ትል ነበር። አሳደርኩት። ጠዋት እንደ ድንጋይ ደርቆ አገኘሁት።

አሰልጣኛችን የድሮ የእግር መከላከያ ነበረው፣ ግድግዳ ላይ የሰቀለው። ቆዳ ነው፣ ውስጡ የእንስሳ ፀጉር ተጠቅጥቆበታል። አንድ ቀን አስሮልኝ ተለማመድኩበት። መጀመሪያ ቀላል ይመስላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን ጠጥቶ እርጥብ ጋቢ እግሬ ላይ የጠቀለልኩ መሰለኝ። የ80ዎቹ በረኞች በዚህ ነው የቆሙት። አብዛኞቹም ቆመው ነው የሚያድኑት። አሁን እንደምናደርገው ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እግራቸውን በሁለት ወገን ዘርግተው ታችኛውን ክፍል አይዘጉትም። ያ ስልት በበረኛው በፓትሪክ ርዋ ጊዜ ነው የተስፋፋው። የግሬትስኪ ዘመን ጎሎችን ቪዲዮ ክፈቱና እዩ። ከሩቅ፣ መሬት ለመሬት፣ በረኛው እግር ሥር። ዛሬ ያ ጎል ቢገባብኝ አሰልጣኙ አውቶቡስ ላይ አያሳፍረኝም።

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | መጋቢት 30

በረኛው፣ ዱላውንስ ለምን ዘለልከው? ግሬትስኪ እዚህ ሲጫወት በእንጨት ነበር። የዛሬው እንደ ቀስት ታጥፎ የሚወረውር ካርቦን ነው። ቴክኖሎጂው ለአንዱ ብቻ አልመጣም።

ሌላ ደግሞ። ኦቪ ጎል ላይ የመታው ከ6,000 በላይ ነው፤ በታሪክ አንደኛ። ግሬትስኪ 5,088 ብቻ። እኔም ሎተሪ በየቀኑ ብቆርጥ አንድ ቀን ይወጣልኛል። የተጫወተውም ከግሬትስኪ ይበልጣል መሰለኝ።

---

ቁጥር ቆጣሪ | መጋቢት 30

ይህቺን ነበር የምጠብቀው።

ግሬትስኪ 894ቱን ያገባው በ1,487 ጨዋታ ነው። ከዚያ ጫማውን ሰቀለ። እሁድ ዕለት ኦቪ 895ኛዋን ሲያገባ ስንተኛ ጨዋታው ነበር?

1,487ኛው።

አንድም አልበለጠ፣ አንድም አልጎደለ። ፊልም ላይ ቢጻፍ «አበዛችሁት» ይባላል።

---

መድፈኛው | መጋቢት 30

ኧረ!

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | መጋቢት 30

እሺ ይህቺን ተቀበልኩ። የሎተሪዋን አልመልስም።

---

ጋሽ ዲትሮይት | ሚያዝያ 1

ልጆች፣ ሆኪ በግሬትስኪ የተጀመረ አስመሰላችሁት። ከሱ በፊት ጎርዲ ሃው ነበር።

እኔ በ1980 ዲትሮይት ተማሪ ነበርኩ። ማታ ማታ ሬስቶራንት ዕቃ አጥባለሁ። የካቲት መጀመሪያ ላይ የኮከቦች ጨዋታ እዚያ ከተማ አዲሱ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። የሬስቶራንቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ወደ ማጠቢያው አዞረልን። ተጫዋቾቹ ስማቸው እየተጠራ ሲገቡ የሃው የመጨረሻው ሆነ። ስሙን እንኳ ጠርተው አልጨረሱም፤ ሕዝቡ ተነሣ። ጭብጨባው አላቆም አለ። ሰውየው ያኔ 51 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜው ለሃርትፎርድ ዓመቱን ሙሉ 80ውንም ጨዋታ ተጫውቶ 15 ጎል አገባ። አጠገቤ የነበረው አሜሪካዊ ሳህን በእጁ እንደያዘ ያለቅሳል። እኔ ገና ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም። ግን ያን ሰው አይቼ «ይህ ነገር ቀልድ አይደለም» አልኩ።

በዚያ ማታ እዚያው በረዶ ላይ አንድ ቀጫጫ የ19 ዓመት ልጅም ነበር። ግሬትስኪ ይባላል። በልጅነቱ ሃውን ያመልከው ነበርና የሱን 9 ቁጥር ፈልጎ ስለተያዘበት ነው 99 ያደረገው።

ሃው የሞሪስ ሪሻርን 544 በ1963 አለፈ። 801 ላይ ጨረሰ። ግሬትስኪ በ1994 ሎስ አንጀለስ ላይ 802ኛዋን አስገብቶ አለፈው። ነገር ግን ሃው መሀል ላይ ስድስት ዓመት ከልጆቹ ጋር በሌላው ሊግ ተጫውቷል። እዚያ ያገባው 174 ነው። ደምሩት፦ 975። ኦቪ ገና እዚያ አልደረሰም።

---

የፓርኪንጉ ልጅ | ሚያዝያ 1

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እርስዎ ከጻፉ በኋላ ክርክሩን ብንዘጋው ይሻላል መሰለኝ። ግን ሐበሻ ነንና አንዘጋውም።

የሌላው ሊግ ጎል ይቆጠር ከተባለ ኦቪም ሩሲያ ውስጥ ያገባው አለ። ያኔ ማለቂያ አይኖረውም።

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | ሚያዝያ 1

ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔም አንድ ልጨምር። ከጥሎ ማለፉ ጋር ሲደመር ግሬትስኪ 1,016 ነው፤ 122ቱ ዋንጫ በሚለይባቸው ማታዎች የገቡ ናቸው። ያ ሪከርድ ዛሬም ቆሟል። ዲሲዎች ይህን ቁጥር ሲሰሙ ለምን ዝም ይላሉ?

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ | ሚያዝያ 1

ዝም አላልንም፣ ሥራ ላይ ነን። የምሽት ተረኛ ነርስ ነኝ።

ስለጠፉት ጨዋታዎች ማንም አላነሳም። ኦቪ በ2004 ቡድኖቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ ባለመስማማታቸው ሊጉ ሙሉ ዓመት ተዘጋ። በ2012–13 ደግመው ተጣሉና 48 ጨዋታ ብቻ ተደረገ። ከዚያ ኮቪድ መጣ፤ አንዱ ዘመን ሳያልቅ ተቋረጠ፣ ቀጣዩ 56 ጨዋታ ሆነ። ግሬትስኪም በ1994–95 የተዘጋበት አለ፣ እክዳለሁ አልልም። የኦቪ ግን ይብሳል። ዘንድሮ ደግሞ ኅዳር ላይ ዩታ ውስጥ እግሩ ተሰበረ። የግራ እግሩ ቀጭኑ አጥንት። በ39 ዓመት ያ አጥንት ሲሰበር ምን እንደሚመስል እኔ በየማታው አያለሁ። 16 ጨዋታ ብቻ አልፎት ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ፤ በተመለሰበት ማታም ጎል አገባ። ዘመኑ ሳያልቅ ከ40 በላይ አድርሷል።

እና እናቱን አያችኋት? ጨዋታው ተቋርጦ ምንጣፍ ተነጥፎ ሲያመሰግኑት ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር የቆመችው። ታቲያና ትባላለች። ለሶቭየት ኅብረት በቅርጫት ኳስ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች ሴት ናት፣ በ1976ና በ1980። አባቱ በ2023 ነው ያረፉት። እኔ ጎሉ ሲገባ አላለቀስኩም። ካሜራው ወደሷ ሲዞር ነው ያለቀስኩት።

---

ዝም አልልም | ሚያዝያ 2

የፑቲን ወዳጅ መሆኑንስ ለምን አታነሱም? ጎል ስላገባ ሁሉም ነገር ይረሳል ማለት ነው?

---

አወያይ | ሚያዝያ 2

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሜሪካም ውስጥ ሰው እያነሳው ነው። ግን ይህ ክር ስለ ጎል ነው። ፖለቲካውን በሌላ ክር ክፈቱት፣ አልሰርዝም። እዚህ ከቀጠለ ግን እኔም እንደ ዳኛው ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

---

መድፈኛው | ሚያዝያ 2

ሃትሪክ እነሱም ጋር አለ?

---

የፓርኪንጉ ልጅ | ሚያዝያ 2

አለ፣ ከእናንተም ይደምቃል። አንድ ሰው ሦስት ካገባ ተመልካቹ ኮፍያውን አውልቆ በረዶው ላይ ይወረውራል። ሠራተኞች በአካፋ ነው የሚሰበስቡት። በጣም ፈጣኑ የቢል ሞሲየንኮ ነው፦ በ1952 ለቺካጎ፣ ሦስት ጎል በ21 ሰከንድ። እኔ በ21 ሰከንድ አንድ መኪና አላወጣም።

አንድ ማታ ኦቪ ሃትሪክ ሠራ። አንድ ደንበኛ ባዶ ራሱን እየሳቀ መጣና መኪናውን ጠየቀኝ። «ትኬትህ?» አልኩት። ሳቁ ጠፋ። የፓርኪንግ ትኬቱን ኮፍያው ውስጥ ነበር የሸጎጠው። ኮፍያው ደግሞ በረዶው ላይ። ሌላው ሁሉ መኪናውን ወስዶ ሄዶ የቀረችው አንዲት ሆንዳ የሱ መሆኗ እስኪረጋገጥ አብረን ቁጭ ብለን ስለ ሦስተኛዋ ጎል ሲነግረኝ አመሸ። ሃያ ዶላር ቲፕ ሰጠኝ።

---

እሩር ለጊ | ሚያዝያ 3

እናንተ ሰዎች፣ ዱላ ይዞ ማጋጨትን ፈረንጅ ነው እንዴ ያስተማረን? የገና ጨዋታስ? ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከዛፍ ቆርጠን፣ እሩሯን መሀል አስቀምጠን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ስንቋሰል የኖርን ሰዎች ነን። በረኛ የለ፣ ሳጥን የለ፣ መከላከያ የለ። ቅልጥሜ ላይ ያለችው ጠባሳ ምስክር ናት። ዳኛ ቢኖር እንኳ ምን ሊል? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ተዘግቷል።

የኔ ሪከርድ በአንድ ገና ሦስት ሰው ማነከስ ነው። እስካሁን አልተሰበረም።

---

ቁጥር ቆጣሪ | ሚያዝያ 3

😂 እሩር ለጊ፣ ያንተ ሪከርድ ዘመኑ ይስተካከልለት፤ መከላከያ አልነበረም።

ቁም ነገር ልጨምር። «ትልቁ ጎል አግቢ» ስንል ስለየትኛው ነው የምናወራው? ስለ ብዛት፣ ስለ ከፍታ ወይስ ስለ ፍጥነት? ጆ ማሎን ሊጉ በተጀመረበት በ1917–18 በ20 ጨዋታ 44 አገባ። ሞሪስ ሪሻር በ1944–45 በ50 ጨዋታ 50። ሰው ይህን እንደ ቅዱስ ቁጥር ይዞት 36 ዓመት ቆየ፣ ማይክ ቦሲ በ1981 እስኪደግመው። ቦሲ ጀርባው አስቸግሮት በ752 ጨዋታ ብቻ 573 አግብቶ ወጣ። በአማካይ ከግሬትስኪም ከኦቪም ይበልጣል። ጤና ቢኖረው ዛሬ ስለሌላ ሰው ነበር የምናወራው።

ሌሚውስ? ካንሰርም ጀርባም ታግለውት በ915 ጨዋታ 690። የ1988 የመጨረሻ ማታ በኒው ጀርሲ ላይ አምስት ጎል በአምስት ዓይነት መንገድ አገባ፦ በእኩል ሰው፣ በትርፍ ሰው፣ በጎዶሎ ሰው፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በባዶ ጎል (እየተመራ ያለው ቡድን መጨረሻ ላይ በረኛውን አውጥቶ አንድ ተጫዋች ሲጨምር)። ይህ መቼም እንደ ምናሌ ሁሉንም ቀምሶ መውጣት ነው።

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | ሚያዝያ 3

ባዶ ጎል ካልክ፣ በታሪክ ባዶ ጎል ላይ ብዙ ያገባው ማን ሆነና? ኦቪ።

---

የፓርኪንጉ ልጅ | ሚያዝያ 3

እሱ ነው፣ አልክድም። ከሱ በፊትስ ማን ነበር? ግሬትስኪ። የ39 ጨዋታዋ 50ኛ ጎልህም ባዶ ጎል ላይ ነው የገባችው።

ደግሞ ዓርብ ዕለት የሆነውን ታውቃለህ? ከቺካጎ ጋር ሁለት አግብቶ 894 ላይ እኩል ሆነ። መጨረሻ ላይ ቺካጎ በረኛውን አወጣ፣ ጎሉ ባዶ ሆነ፣ ቤቱ የራሱ፣ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ። አሰልጣኙ ግባ አለው። እምቢ አለ። ሪከርዱን ባዶ ጎል ላይ አልሰብርም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሁድ ደግሞ ከዚያ በፊት አግብቶበት በማያውቀው በአይላንደርስ በረኛ በሶሮኪን ላይ፣ በአገሩ ልጅ ላይ አስገባ።

አንድ ነገር ላስታውስህና ላብቃ። በጥር 2006፣ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ አሪዞና ላይ ከፊኒክስ ጋር። ተከላካይ ጣለው፣ በጀርባው እየተንከባለለ፣ ጎሉን ሳያይ፣ ከራሱ በላይ ዱላውን ዘርግቶ በአንድ እጁ አስገባት። ዛሬም «ጎሏ» ብቻ ሲባል ሰው የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። በዚያ ማታ የፊኒክስ አሰልጣኝ ሆኖ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ያየው ማን ነበር?

ግሬትስኪ።

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | ሚያዝያ 4

እሁድም በቦታው ተገኝቶ አጨብጭቧል። ሃው ለሱ እንዳደረገለት ማለት ነው። እኔም እዚህ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ ጓንት አድርጌ ስለነበር ድምፁ አልተሰማም።

---

መድፈኛው | ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፣ 2018

ክሩን ቀስቅሻለሁ፣ ይቅርታ። ትናንት ማታ አያችሁ? 900! አዎ እኔ ነኝ፣ የኳሱ ሰውዬ። በእናንተ ምክንያት ሌሊት እየተነሣሁ ማየት ጀምሬያለሁ።

ከሴንት ሉዊስ ጋር፣ ዲሲ ላይ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። 900 የደረሰ የመጀመሪያው ሰው። ሁሉም ተቃቅፎ ሲጨፍር በረኛው ቢኒንግተን ፓኳን ከመረቡ አንሥቶ ሱሪው ውስጥ ሊሸጉጣት! ዳኛው አይቶ አስመለሳት። በረኛው፣ ይህ በሙያችሁ የተፈቀደ ነው?

---

በረኛው | ጥቅምት 27

አልተማርነውም፤ ግን ቦታው ሰፊ ነው። አንድ ዶሮ ከነእንቁላሉ ይይዛል።

---

የፓርኪንጉ ልጅ | ጥቅምት 27

እዚያው ነበርኩ! ልጄ ትኬት ገዝቶልኝ። በ20 ዓመት መጀመሪያ ጊዜ በደንበኛ በር ገባሁ። መኪናዬንም የድሮ ቦታዬ ነው ያቆምኩት፤ ቁልፉን የተቀበለኝ አንድ የጎንደር ልጅ ነው። «ስንት ሰዓት ያልቃል ጋሼ?» አለኝ። ጋሼ!

---

ኤድመንተን ከነበረዶው | ጥቅምት 27

እንኳን ደስ አለህ ጋሼ። 1,016 ግን አለ።

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ | ጥቅምት 27

እኔ የምለው፣ የቶሮንቶው ማቲውስ ከ400 አልፏል፣ በአንድ ዘመን 69 ያገባ ልጅ ነው። የተወለደበት ቀን ደግሞ ከኦቪ ጋር አንድ ነው፣ በፈረንጅ መስከረም 17፣ ልክ በ12 ዓመት ተበላልጠው። ቁጥር ቆጣሪ፣ እስቲ አስላልን።

---

ቁጥር ቆጣሪ | ጥቅምት 27

ጉልበቱ ከተረፈለት ነው። ቆይ ካልኩሌተር ላምጣ።